ምዕራፍ ሰባት፦ አተላው የት ይፈሳል?

ጌሾ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ከአሮጌ ሞባይል ወርቅ እንዴት እንደሚወጣ ግማሹን ያውቃል። የተወቀጠው ጌሾ ጋን ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ቀናት ያልፋሉ፤ ምሬቱ ከቅጠሉ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ እንዳለ ነው፤ የተፈለገው ነገር ግን ለቆት ሄዷል። ኬሚስቶች ከጠጣር ነገር ውስጥ የሚፈልጉትን በፈሳሽ አሟሙተው ሲያወጡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ውሃው አሲድ፣ ጌሾው ደግሞ የኮምፒውተር ቦርድ መሆኑ ነው።

ግማሹን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላውን ግማሽ ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፦ ጠላው ተጠልሎ ሲያልቅ አተላ ይቀራል። አተላው ለከብት ይሰጣል፤ ከብት የሌላት ጎረቤት የማይቆጣበትን ቦታ ትፈልጋለች። የአሲዱን አተላ ግን ከብት አይጠጣውም። ይህ ምዕራፍ ስለ ወርቁ ይናገራል፤ ከወርቁ በላይ ግን ስለ አተላው ያስባል። ቦታችንም የአዲስ አበባ ወንዞች ቁልቁል ወርደው የሚያልፉበት አቃቂ ቃሊቲ ነው።

ከቆራሌው ጆንያ እስከ አቃቂ

የአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ጠዋት የግቢ በር ከፍቶ መቆም ይበቃል። «ቆራሌው!» እያለ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚዞረው ልጅ ጠርሙስ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ በዋጋ ከተስማሙ የተሰበረ ሬዲዮና የማይነሳ ቴሌቪዥንም ይወስዳል። የልዋጭ ነጋዴው ደግሞ በገንዘብ ፋንታ ሳፋና ብርጭቆ ይዞ ይመጣል። የተሰበሰበው ወደ መርካቶ ይወርዳል። ምናለሽ ተራ ሲደርስ ለምንም አይሆንም የተባለው ዕቃ አዲስ ሥራ ያገኛል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ገመድ፣ ቆርቆሮው መጥበሻ ይሆናል። ብረቱ ተለይቶ ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው መስመር ወደተተከሉት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ይጫናል። መዳቡም ገዢ አያጣም።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ባለቤት የሌላት አረንጓዴዋ ቦርድ ናት። ሞባይል ጠጋኙ የሚሆነውን መለዋወጫ ነቅሎ ቀሪዋን ካርቶን ውስጥ ይወረውራታል። ቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከቻርጀር ገመድ ጋር ተጠላልፋ ትኖራለች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳዩ ይከብዳል፤ ንብረት ነውና እንዲሁ አይጣልም። ከመዝገብ እስኪሰረዝ፣ ኮሚቴ አይቶ እስኪፈርምበት፣ በሕጉ መሠረት እስኪወገድ ድረስ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩት ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር ያወጣው የአገር ጥናት ይህን ልማድ አስተውሎ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ከሚጣለው የሚከማቸው ይበዛል። ጋናንና ናይጄሪያን በወደቦቻቸው በኩል ያጥለቀለቀው ያገለገለ ዕቃ ባሕር በር ወደሌላት ኢትዮጵያ ያን ያህል አልደረሰም፤ የአክራውን አግቦግብሎሺ የመሰለ፣ ሽቦ በአደባባይ የሚቃጠልበት ግዙፍ ሜዳም አልተፈጠረም። ስንፍናችን ለአንድ ጊዜ ጠቀመን ማለት ይቻላል። ያልጣልነው ነገር ገና በእጃችን ነውና፣ ምን እናድርገው የሚለውን ረጋ ብሎ ለመወሰን ጊዜ ሰጥቶናል።

የአገሪቱ የመጀመሪያ መልስ የተሞከረውም አቃቂ ቃሊቲ ላይ ነው። እዚያ ያረጁ ኮምፒውተሮችን አድሶ ሥራ ላይ የሚመልስና ሙያተኛ የሚያሠለጥን የመንግሥት ማዕከል ተቋቋመ፤ ከእሱም ጋር መታደስ የማይችለው ዕቃ የሚፈታበት ጣቢያ ተከፈተ። አካባቢው ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ አይደለም። የጂቡቲ ባቡር ያለፈበት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የተተከለበት፣ የጭነት መኪኖች ቃሊቲ ጉምሩክ ተሰልፈው የሚያድሩበት ሰፈር ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባ ዕቃ ብዙው የሚገባው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ሲያረጅም እዚሁ ተመልሶ መምጣቱ ያስኬዳል። የመፍቻ ጣቢያው ሥራ ግን በእጅ መፍታትና መለየት ነበር። ብረቱ፣ ፕላስቲኩ፣ ሽቦው በየዘርፉ ይለያል፤ ቦርዷ ለብቻዋ ትከመራለች። ከቦርዷ ውስጥ ወርቅና መዳብ አሟሙቶ የሚያወጣ ክፍል አልነበረውም።

ያ ክፍል ይኑር ወይስ አይኑር? የምዕራፉ ጥያቄ ይህ ነው። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ቦርዷን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በካቻቢቴ የሚቆፈር ማዕድን

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አራት ብሎን በካቻቢቴ ስፈታ የኬዙ ጎን ይወልቃል፤ የዓመታት አቧራ አብሮ ይወጣል። መጀመሪያ የሚነሳው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ክብደቱ ብረትና መዳብ መሆኑን ይናገራል። ሃርድ ዲስኩ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ ጠንካራ ማግኔት አለ። ከታች የተነጠፈችው ሰፊ አረንጓዴ ሰሌዳ ማዘርቦርዷ ናት። እሷ ላይ ቀጥ ብላ የተሰካች፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የምትረዝም ቀጭን ካርድ ትገኛለች፤ ራም የምትባለው። ሁለቱን መቆለፊያ ጫን ስል ብድግ ትላለች።

ራሟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታዞሯት ጠርዟ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቢጫ መስመሮች ታያላችሁ። ያ ቢጫ ቀለም አይደለም፤ ወርቅ ነው። ፋብሪካው ወርቁን የቀባው ለጌጥ አይደለም። መዳብ አየር ሲነካው ይዝጋል፣ ብርም ይጠቁራል፤ በጣም ትንሽ ኃይል ይዞ የሚያልፈው ምልክት በዝገት ላይ ከተሰናከለ ኮምፒውተሩ ይሳሳታል። ወርቅ አይዝግም። ስለዚህ መነካካት ያለበት ቦታ ሁሉ ላይ ወርቅ ይለበጣል።

ልባጡ ግን እጅግ ስስ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ የራም ጥርስ ላይ ያለው ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳን አይሞላም። ከሥሩ ኒኬል አለ፣ ከኒኬሉ ሥር መዳብ፣ ከመዳቡ ሥር መስታወት ክር ያለበት ፕላስቲክ። ክፍሎቹን የያዛቸው ብየዳ ስታኞ ነው፤ በአሮጌ ዕቃ ላይ ስታኞው ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። እሳት እንዳይይዝም ፕላስቲኩ ውስጥ ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ተጨምሯል። በዚህች ቀጭን ካርድ ውስጥ ወርቅ ሠሪውም፣ ቧንቧ ሠሪውም፣ መርዝ ሻጩም ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

ስሌቱን እንሥራ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባሳተመው ግምት ከ1 ሚሊዮን ሞባይል ወደ 16 ቶን መዳብ፣ ወደ 350 ኪሎ ብር፣ 34 ኪሎ ወርቅና 15 ኪሎ ፓላዲየም ሊገኝ ይችላል። በአንድ ቀፎ ሲካፈል ወርቁ 0.034 ግራም ነው፤ ለአንድ የጆሮ ጌጥ እንኳን አይበቃም። አሁን በቶን እናስበው። አንድ ቀፎ ያለ ባትሪ 100 ግራም ቢመዝን፣ አንድ ቶን 10,000 ቀፎ ነው፤ ወርቁም 340 ግራም ይሆናል። ከተራራ ተቆፍሮ የሚወጣ የወርቅ ድንጋይ ግን በአንድ ቶን ከ1 እስከ 5 ግራም ከያዘ ኩባንያ ይተከልበታል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው ገልጿል። ከነዚህ ውስጥ 10 ሚሊዮኑ አንዳንድ ቀፎ ቢጥሉ፣ የተጣለው ወርቅ 340 ኪሎ ይደርሳል።

በዓለም ደረጃ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን እንደጣለች፣ ከዚያ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ለኢትዮጵያ የተሰጠው የ2019 ግምት 55,000 ቶን ነበር።

አንጥረኛውና የንጉሥ ውሃ

አማርኛ ቅቤን የምናጠራበትንና ወርቅን የምናጠራበትን ሥራ በአንድ ግስ ይጠራል፦ ማንጠር። ንጥር ቅቤ፣ ነጥሮ የወጣ ወርቅ፤ ባለሙያውም አንጥረኛ። ሁለቱም ዘንድ መሣሪያው እሳት ነው። እሳት የሚሠራው ግን የሚነጥረው ነገር በርከት ሲል ነው። በፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ፣ ከማይክሮን የሳሳ ወርቅ ምድጃ ላይ ቢጣድ ወርቁ ከመታየቱ በፊት ፕላስቲኩ ይነዳል፤ ብሮሚኑና እርሳሱ ጭስ ሆነው ወደ ሳንባ ይገባሉ። ለዚህ ነው ፈሳሽ የተፈለገው።

ሥራው ተራ አለው። ቦርዷ ትደቅቃለች፤ ብረቱ በማግኔት ይለያል። ከዚያ በብዛት ያለውና ርካሹ መዳብ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ለወርቁ የተዘጋጀውን ውድ ፈሳሽ እሱ ይጨርሰዋል። ለመዳቡ ሰልፈሪክ አሲድ ይበቃል፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ብቻውን ግን መዳብን አይደፍርም፤ ኦክስጅን የሚሰጠው እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለ አጋዥ ይፈልጋል። ሲሳካ ፈሳሹ እንደ ጥርት ያለ ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል። በዚያ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መዳቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይወጣል።

ቀጥሎ ወርቁ። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅን አይፈታም፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ብቻውን አይፈታም። የፊተኛው ከወርቁ ላይ አቶሞችን ለቅጽበት ነቅነቅ ያደርጋል፣ ነገር ግን የሚቀበላቸው ስለሌለ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የኋለኛው ተሸካሚ ነው፣ የሚነቀንቅለት ግን የለውም። አንዱ እጅ ናይትሪክ፣ ሦስቱ እጅ ሃይድሮክሎሪክ ሆነው ሲቀላቀሉ አንዱ ይነቅላል፣ ሌላው በክሎሪኑ አቅፎ ይዞ ይሄዳል። የብረቶችን ንጉሥ ስለሚያሸንፍ የጥንት ኬሚስቶች በላቲን የንጉሥ ውሃ አሉት።

የዚህን ውሃ ጉልበት የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የጀርመን ጦር ሚያዝያ 1940 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ሲገባ በኒልስ ቦር ተቋም ውስጥ የሁለት ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች፣ የማክስ ፎን ላውና የጄምስ ፍራንክ፣ የኖቤል የወርቅ ሜዳሊያዎች በአደራ ተቀምጠው ነበር። ከጀርመን ወርቅ ማሸሽ በናዚዎች ዘንድ ከባድ ወንጀል ነበር፤ ስማቸው የተቀረጸበት ሜዳሊያ መገኘቱ ደግሞ ባለቤቶቹን ያጋልጣል። ኬሚስቱ ጆርጅ ደ ሄቨሲ ሁለቱንም በንጉሥ ውሃ አሟሟቸው። ወታደሮቹ ተቋሙን ሲፈትሹ መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ አዩና አለፉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሄቨሲ ጠርሙሱን እንዳስቀመጠው አገኘው፤ ወርቁ ከፈሳሹ ወጥቶ ወደ ስዊድን ተላከ፣ ሜዳሊያዎቹም እንደገና ተሠሩ።

ወርቁ ከፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው። ክሎሪኑን የሚያስለቅቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት፣ ይጨመራል። ያን ጊዜ ቢጫው ፈሳሽ ይደፈርሳል፤ ከታች አንድ ነገር ዘቅጦ ይከማቻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ወርቅ ብሎ አያምነውም። አያበራም፤ ቡና ተቀድቶ ሲያልቅ ጀበናው ውስጥ የሚቀረውን ይመስላል። የሚያበራው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከቀለጠ በኋላ ነው። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ግን ኒኬልና የተረፈው መዳብ አረንጓዴ አድርገውት ጥርት ብሎ፣ አምሮ ይታያል። ወርቁ አተላ መስሎ ይወርዳል፤ አተላው ጠጅ መስሎ ከላይ ይንሳፈፋል።

የአሲዱ ጠርሙስ እጁ የገባ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርቁን ይወስዳል፤ ያማረውን ውሃ ይደፋል።

የተደፋው ውሃ

ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ ጉዪዩ የምትባል ከተማ ለዓመታት የዓለም የኤሌክትሮኒክስ መጣያ ነበረች። ቤተሰቦች ቦርዱን በከሰል ምድጃ ላይ አሙቀው መለዋወጫውን ይነቅሉ ነበር፤ በወንዝ ዳር ደግሞ የአሲድ ገንዳ ደርድረው ወርቅ ያወጡ ነበር። የሻንቱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ6 ዓመት በታች የሆኑ 165 የጉዪዩ ሕፃናትን ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ በአማካይ 15.3 ማይክሮግራም እርሳስ አገኙ፤ በዚያን ጊዜ አሳሳቢ ይባል የነበረው መጠን 10 ነበር። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ቻይና በኋላ የጓሮ ሥራውን ዘግታ ሥራውን ወደ አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰበሰበችው። ደማቸው የተመረመረው ሕፃናት ግን እስከዚያ አድገው ነበር።

የጓሮ አሲድ ሥራ በኪሳራም የታወቀ ነው። በሕንድ ባንጋሎር በጓሮ ሥራ የሚገኘው ወርቅ ቦርዱ ውስጥ ካለው ሩቡ ያህል እንደሆነ ተለክቷል፤ ዘመናዊ ማቅለጫ ግን ከ95 በመቶ በላይ ያወጣል። የጓሮው ሰው ከወርቁ ሦስት እጁን ከመርዙ ጋር አብሮ ይደፋዋል ማለት ነው።

አሲድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 ጆን ስቱዋርት ማክአርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች ግላስጎ ላይ ያገኙት የሳያናይድ ዘዴ እስከ ዛሬ የዓለም ወርቅ ማዕድን ዋና ዘዴ ነው። በጣም የቀጠነ የሳያናይድ ፈሳሽ በአየር ታግዞ ወርቅን ያሟሟል። ኖራ እየተጨመረ ፈሳሹ ከአሲድነት እንዲርቅ ይደረጋል፤ አሲድ ከነካው ገዳይ ጋዝ ይሆናል። የአሲድ በርሜልና የሳያናይድ በርሜል አንድ መጋዘን ውስጥ እንዳይቀመጡ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

እኛም ከሳያናይድ ጋር ትውውቅ አለን። ጉጂ ውስጥ ያለው የለገ ደምቢ ወርቅ ማዕድን ድንጋዩን ፈጭቶ ወርቁን የሚያወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። የአካባቢው ሕዝብ በሰውና በከብት ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ ከተቃወመ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድን ማውጫው ፈቃድ ታገደ፤ ሥራው የቀጠለው ከዓመታት በኋላ ነው። ክርክሩን መዳኘት የዚህ ምዕራፍ ሥራ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሕዝቡ የጠየቀው ስንት ኪሎ ወርቅ እንደወጣ ሳይሆን የተረፈው ውሃ የት እንደሄደ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ መተማመን ከጠፋ የወርቁ ብዛት ፋብሪካውን አያድነውም።

ታዲያ በሥርዓት የሚሠራ ፋብሪካ አተላውን ምን ያደርገዋል? መጀመሪያ ጢሱን ይይዛል። የንጉሥ ውሃ ሲሠራ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በማማ ውስጥ እየታጠበ ያልፋል። ቀጥሎ አሲዱ ኖራ ይጨመርበታል፤ አሲድነቱ ሲጠፋ መዳቡ፣ ኒኬሉ፣ እርሳሱ ጭቃ ሆነው ይዘቅጣሉ። ውሃው ይለካል፤ ንጹሕ ከሆነ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ጭቃው ተጨምቆ፣ በወፍራም ፕላስቲክና በሸክላ አፈር በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ጉድጓዱም ለዓመታት ይጠበቃል። ከወጪው ብዙው የሚሄደው ወርቁን ለማሟሟት ሳይሆን ለዚህ ነው። የወርቁ ክፍል አንድ ክፍል ነው፤ የቀረው ፋብሪካ የአተላው ነው።

ባሕር የማይደርስ ወንዝ

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አቃቂ ይደርሳል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን ከሁለት በኩል አቋርጠው፣ የቄራውን፣ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡንና የቤቱን ፍሳሽ ሰብስበው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው ዳር ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ ከተማዋም ትበላዋለች። በዚህ ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። አቃቂ ከመሬት በታችም ውሃ አላት፤ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከተማዋን ከሚያጠጣባቸው ዋና ዋና የጉድጓድ ውሃ ቦታዎች አንዱ እዚሁ ነው። አንድ ሰው አቃቂ ላይ የአሲድ ባልዲ ሲደፋ ጎመኑም፣ ጉድጓዱም፣ ግድቡም ከእጁ አይርቁም።

ከአባ ሳሙኤል ወዲያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል። ቆቃ ይገባል፤ አዳማን ያጠጣል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያለማል፣ የአፋርን ከብት ያጠጣል። የብዙ አገር ወንዝ ቆሻሻውን ባሕር ላይ ጥሎ ይገላገላል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከአቃቂ የተነሳ እርሳስ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። በየመንገዱ ጭቃ ውስጥ፣ ሥር ውስጥ፣ ወተት ውስጥ ይቀመጣል።

የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአንድ ምሽት ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ አገር አየ፣ አገር አለቀሰ። የአሲድ አተላ እንደዚያ አይናድም። ቀን የማይቆረጥለት ሐዘን ነው፤ ስም የሚያወጣለትም አይገኝም።

የትኛው መንገድ?

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የጓሮው ነው፦ ሰማያዊ በርሜል፣ የጎማ ጓንት፣ ከኢንተርኔት የተማረ ልጅ። ይህን መከልከል ብቻ አይበቃም፤ ገበያው ነው የሚጠራው። ቦርድ በኪሎ ገዢ ካገኘች ቆራሌው ይሰበስባታል። ሕጋዊው ገዢ ካልቀደመ የጓሮው ይቀድማል።

ሁለተኛው መፍታቱን እዚህ፣ ማንጠሩን ውጭ ማድረግ ነው። በእጅና በካቻቢቴ መፍታት በማሽን ከመፍጨት የተሻለ ይለያል፤ የሰው ጉልበት ባለበት አገር ሥራም ይፈጥራል። የተለየችው ቦርድ ቤልጂየም ሆቦከን እንዳለው እንደ ዩሚኮር ዓይነት ማቅለጫ ብትሸጥ፣ ያ ፋብሪካ 17 ዓይነት ብረት ያወጣባታል። ወደ ውጭ መላኩ ግን ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር መዘዋወሩን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አደገኛ ነው የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሁሉ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩም መተላለፊያውም አገር በጽሑፍ ከፈቀዱ ነው። አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት ብዙ ቶን ቦርድ፣ ለማስፈቀድ ብዙ ወር ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሦስተኛው እዚሁ ማንጠር ነው። ቴክኖሎጂው እየቀለለ መጥቷል። የብሪታንያው ሳንቲም አምራች ሮያል ሚንት ደቡብ ዌልስ ውስጥ የካናዳ ኩባንያ ባገኘው ኬሚስትሪ ወርቁን ያለ እሳት፣ በክፍል ሙቀት፣ በደቂቃዎች ውስጥ እያወጣ በዓመት እስከ 4,000 ቶን ቦርድ ለማቀነባበር ፋብሪካ ተክሏል። ራሳቸው በጥቂቱ ሳያናይድ እያመነጩ ወርቅ የሚያሟሙ ባክቴሪያዎችም በቤተ ሙከራ እየተፈተኑ ነው። ወርቅ አውጪ፣ መዳብ ፈላጊ ለሆነች አገር ይህ መንገድ ሕልም ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ሕጉ አለ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል፤ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በዚያው ዓመት ጸድቋል። የጎደለው ከወረቀቱ በታች ያለው ነው፦ ቦርዱን በዋጋ የሚገዛ ማዕከል፣ ውሃውን በየሳምንቱ የሚለካ ቤተ ሙከራ፣ ልኬቱን ለሕዝብ የሚለጥፍ ሰሌዳ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አቃቂ ዛሬ በሚገባ መፍታት ትችላለች፤ መፍታቷን ታጠንክር፣ ቦርዷን ትሽጥ። ማንጠሩ ይምጣ፤ ከማንጠሩ በፊት ግን የአተላው ክፍል ይሠራ። ማንኛውም ባለሀብት የወርቁን ገንዳ ሥዕል ይዞ ሲመጣ የወረዳው አስተዳዳሪም፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያውም፣ ከፋብሪካው በታች ጎመን የምታለማውም እናት መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ አተላው የት ይፈሳል? በቁጥር፣ በጉድጓድ፣ በስም ካልመለሰ ገንዳው አይተከል።

አንተም አንባቢ፣ አንቺም፣ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ውስጡ ያለውን የሞተ ቀፎ በእሳት አታቃጥሉት፣ በአሲድ አትሞክሩት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። ያበጠ ባትሪ ካለው ለብቻው አስቀምጡት። ፈትቶ ለይቶ ለሚይዝ ሰው ብቻ ስጡት። እስከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፤ አዋሽ ውስጥ ከሚገባ እዚያ ቢያረጅ ይሻላል።